በቡና አገር ስለ ዘርና ስለ ገንዘብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ጅማን ካለፈ በኋላ የጎጀብን ወንዝ ይሻገርና ወደ ካፋ ምድር ይገባል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቦንጋንና የውሽውሽን የሻይ እርሻ አልፎ፥ በዳገትና በቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሚዛን ተፈሪ ይደርሳል። ይህች ከተማ ከአማን ጋራ ተጣምራ ዛሬ ሚዛን አማን ትባላለች፤ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ትገኛለች። አገሩ ዛፍ ከዛፍ የተያያዘበት፥ ጉሙ እስከ ረፋድ የማይገለጥበት፥ ዝናብ የማይነፈግበት አገር ነው።

ከሚዛን ወደ ደቡብ ቢወርዱ ሰፊው የቤበቃ የቡና እርሻ ይገኛል። ወደ ሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ ደግሞ ቡናና ኮረሪማ፥ ጥምዝና ዝንጅብል የሚበቅልባት ቴፒ ትገኛለች። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፥ የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገቡትም ስለዚህ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ቡናው የትልልቅ እርሻዎች ብቻ አይደለም። የቤንች፥ የሸኮ፥ የካፋና የሸካቾ ገበሬ በጓሮውና በዛፍ ጥላ ሥር የሚያበቅለው ቡና የልጆቹ ልብስ፥ ደብተርና መድኃኒት ነው።

ቡና ትዕግሥትን የሚያስተምር ተክል ነው። ችግኙ ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት 3 ወይም 4 ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። አበባው ከታየ በኋላም ፍሬው እስኪቀላ ድረስ 8 ወይም 9 ወር ይቈያል። ከዚያም የቀላው ብቻ እየተመረጠ ይለቀማል፤ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳምንታት ሙሉ እየተገላበጠ ይደርቃል። በመጨረሻም ከ5 ወይም ከ6 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና የሚገኘው ንጹሕ ቡና 1 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በመኸር ጊዜ በገበሬው እጅ የሚገባው ብር የስንት ቀን ድካም እንደ ሆነ አንባቢ ያስተውል።

ይህ ብር በእጅ በሚገባበት ወራት ጠያቂውም ይበዛል። ከጠያቂዎቹ አንዱ በዘመናችን የብልጽግና ወንጌል የተባለው ትምህርት ነው። ለአገልጋዩ ገንዘብ የሰጠ ሰው እጥፍ ድርብ ሆኖ እንደሚመለስለት፥ የታመመና የደኸየ ግን እምነቱ የጐደለ እንደ ሆነ ያስተምራል። ገንዘብ መስጠትንም ዘር መዝራት ይለዋል። ምንጩ አሜሪካ ሲሆን፥ የእምነት ዘር የሚለውን አነጋገር ያስፋፋው ኦራል ሮበርትስ የተባለው ሰባኪ ነው። ይህን ትምህርት ወንጌላውያን ሁሉ ይቀበሉታል ማለት ግን በሐሰት መመስከር ነው። የሎዛን ንቅናቄ አፍሪካውያን የነገረ መለኮት ሊቃውንት በ2001 ዓ.ም. በጋና አገር በአክሮፖንግ ተሰብስበው መርምረውታል፤ ሀብት የእምነት መለኪያ ሊሆን አይችልም በማለትም ነቅፈውታል።

በቴፒ መንገድ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ የቡና ገበሬ ስለዚሁ ነገር ስንጫወት፥ «መምህር፥ እኔ ዘር አውቃለሁ። ዘር በዘሪው ማሳ ይበቅላል እንጂ ከኔ ኪስ ወጥቶ በሰው ኪስ ሲበቅል አላየሁም» አሉኝ። ጎረቤታቸው የዓመቱን ጀንፈል ሸጦ ገንዘቡን ለእንዲህ ያለ ሰባኪ ሰጠ። ክረምት በገባ ጊዜ ግን በቆሎ ለመበደር ወደ እርሳቸው መጣ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ አልሳቁም። «ረኃቡስ ይታለፋል፤ የከፋው እምነትህ ስላነሰ ነው መባሉ ነው» ሲሉ ጨመሩልኝ።

እውነትም የቡና አገር ሰው የሀብትን መንገድ ቢመረምር የዚህን ትምህርት ከንቱነት በራሱ ኑሮ ያገኘዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የብራዚልን ቡና ውርጭ መታው፤ በ1969 ዓ.ም. በኒውዮርክ ገበያ የ1 ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ምርቱ ከፈላጊው ስለ በዛ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በብራዚል ድርቅ ምክንያት ከ4 ዶላር በላይ ሆነ። በ1969 የሚዛን ገበሬ ጸሎት በርትቶ፥ በ1994 ደክሞ ነበርን? በባሕር ማዶ የወደቀውን ውርጭ የእምነት ዋጋ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። ጻድቁ ኢዮብም ሀብቱ ሁሉ በጠፋ ጊዜ ጻድቅነቱ አልጠፋም።

ነገር ግን የሌላውን ቤት ጉድፍ ብቻ አይተን የራሳችንን ብንሸፍን ፍርዳችን ፍትሕ አይሆንም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ ወዲህ፥ በሰሞን መሬት ይኖር የነበረው ካህን መተዳደሪያው የምእመናን አስተዋፅኦ ሆኗል። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ የተቋቋመው የሰበካ ጉባኤም ካህናትና ምእመናን በአንድነት ገንዘቡን እንዲጠብቁ ነው። ይህ ሥርዓት በሚገባ ሲሠራበት መልካም ነው። ሲዘነጋ ግን በገጠር ያለው ዲያቆን በባዶ ሆድ ይቀድሳል፤ በሌላ ስፍራ ደግሞ ጠበልና እምነት ለንግድ ይቀርባል፤ ስሙ ያልታወቀ ሰው ጥላ ይዞ በየገበያው ይለምናል፤ ድኻው ለፍትሐት የሚከፍለው አጥቶ ያፍራል። ግያዝ ከንዕማን ብርና ልብስ በተቀበለ ጊዜ የነቢዩ የኤልሳዕ ሎሌ ነበረ፤ ከውጭ የመጣ ባዕድ አልነበረም። ሲሞን መሠሪም የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ በፈለገ ጊዜ አስቀድሞ ተጠምቆ ነበር።

ስለዚህ የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ የሆናችሁ ሁሉ፥ የመኸሩ ብር በእጃችሁ ሲገባ በመጀመሪያ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ምከሩ። የክረምቱን ቀለብና የልጆችን ትምህርት ለዩ፤ አሥራቱንም ከዚያው ጋራ በደስታ ለዩ። ስትሰጡ በደረሰኝ ስጡ፤ የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ በሚነበብበት ቀን አትቅሩ፤ ያልገባችሁንም በትሕትና ጠይቁ። ሒሳብ መጠየቅ ካህንን መድፈር አይደለም፤ እውነተኛውን ካህን ከሐሜት ማዳን ነው። በሰበካችሁ ያለው ዲያቆን ደመወዝ እንዳለውና እንደሌለው እወቁ። የተቸገረ ጎረቤት ሲያጋጥማችሁም እምነቱን ከመመርመራችሁ በፊት በቤቱ እህል እንዳለ ጠይቁ። ሽማግሌው ለጎረቤታቸው በቆሎውን ሰፍረው ሲሰጡ፥ እጥፍ ሆኖ እንዲመለስላቸው አልተዋዋሉም።

የእጃችንን ፍሬ ይባርክልን፤ በቅንነት የምንሰጥበትንም ልቡና ያድለን።