ሲያረጁ የተያዘ ጊታር

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ጊዜው ካለፈ በኋላ ጌጥ ለሚያምረው ሁሉ ነው። እኔም በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ ጡረታ ከሩቅ መታየት በጀመረበት ወራት፣ ጊታር ለመማር በተነሣሁ ጊዜ ይኸው ተረት ከባለቤቴም፣ ከባልደረቦቼም፣ ከተማሪዎቼ ሹክሹክታም ደጋግሞ ደርሶኛል። አልተቀየምኩም፤ ተረቱ እውነት አለውና። ይሁን እንጂ አምባሩን ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ የፈለገው ሰው ጉዳይ በተረቱ ውስጥ አልተነሣም። እኔ ለማንሣት የምሞክረው ይህንን ነው።

ጊታርን የወደድሁት በ1975 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበረ። እኔም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ወደ ቀበሌያችን አዳራሽ እየሄድሁ ወንበር እደረድር ነበር። ከተማችን ደሴ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን መኖሪያ ስለ ነበረች፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ራሱን ድምፃዊ ወይም ተወዛዋዥ አድርጎ ያልም ነበር። የእኔ ዓይን ግን ከጊታሩ ላይ አልነቀልም አለ። አንድ ማታ ልምምዱ ካበቃ በኋላ ተጫዋቹ ቀጭኗን አውታር በጣቴ እንድነካት ፈቀደልኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳርና ልጆች ተከታትለው መጡ። እኔም የሒሳብ መምህር ሆኜ ከጠመኔና ከሰሌዳ ጋር ኖርሁ። ያቺ አንዲት ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣችም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ በመጣ ጊዜ እንደ ብዙው ሕዝብ ቤታችንን ዘግተን ተሰደድን። ተመልሰን ትምህርት ቤታችን ሲከፈት የሙዚቃ ክፍሉን ባዶ አገኘነው። ከበሮው የለም፤ ኪቦርዱ የለም፤ ድምፅ ማጉያው የለም። ከአንድ ጥግ አንገቱ የተሰነጠቀ፣ ሁለት አውታር ብቻ የቀረው ጊታር ተጥሎ ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ የትምህርት ዘመኑ መዝጊያ ያለ አንድ ዜማ ተፈጸመ። ተማሪዎቹ ካርዳቸውን ተቀብለው እንደ ቀብር ተመላሽ አንገታቸውን ደፍተው ሲበተኑ ከደረጃው ላይ ቆሜ ተመለከትሁ። ብዙ የመዝጊያ በዓላት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን ሰምቼ አላውቅም። በማግሥቱ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገብቼ የተሰበረውን ጊታር በፊርማ ተረከብሁ።

አንገቱን አናጢ አጣበቀልኝ፤ አውታሮቹን ከፒያሳ ገዛሁ። ያስተማረኝ በየሠርጉ እየተጫወተ የሚተዳደር፣ ልጄ ሊሆን የሚችል የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን ስድስቱን አውታሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ፣ ማለት ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ አድርጎ ቃኘልኝ። ጊታሩን ተቀብዬ ብጫን ግን ከድምፅ ይልቅ የታፈነ ጉርምርምታ ወጣ። የጣቶቼ ጫፍ እስኪደድር ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል አመመኝ፤ ጠመኔ መያዝ እንኳ ያስቸግረኝ ነበር። ወጣቱ አይቶ ፈገግ እያለ፣ «ጋሼ፣ የሚጫኑት በጣትዎ አይደለም፤ በትከሻዎ ነው። ትከሻዎን ያላሉት፤ አውታሩ አይሸሽዎትም» አለኝ።

የሚገርመው ነገር የጊታርን ሥርዓት በቃሌ አውቀው የነበረ መሆኑ ነው። አንድ አውታር በግማሽ ርዝመቱ ሲያዝ የንዝረቱ ብዛት በእጥፍ እንደሚጨምር፣ በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ስፋት በ12 ግማሽ ድምፆች እንደሚከፈል፣ እያንዳንዱም እርከን ከቀዳሚው በቋሚ ውድር እንደሚበልጥ በሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ። በጊታሩ አንገት ላይ የተተከለው አሥራ ሁለተኛው የብረት እርከን በአውታሩ አጋማሽ ላይ መሆኑን በማስመሪያ ለክቼ አረጋገጥሁ። ይህ ሁሉ እውቀት ግን ከራሴ ወደ ጣቴ ሊወርድልኝ አልቻለም። ጠቋሚ ጣት ስድስቱንም አውታሮች በአንድ ጊዜ የሚጫንበትን የፋ ኮርድ አጥርቼ ለማሰማት አራት ወር ፈጀብኝ።

በእነዚያ አራት ወራት ስለ ጊታር ብቻ አልተማርሁም። በማስተምርበት ጊዜ የማዘወትራት አንዲት ቃል ነበረችኝ፦ «ግልጽ ነው»። አንድ ቀመር ጽፌ ወደ ተማሪዎቹ ዞር እልና «ግልጽ ነው» እላለሁ። ወጣቱ መምህሬ ጣቶቹን በአውታሮቹ ላይ እያራወጠ «ጋሼ፣ ይኸው ግልጽ ነው» ባለኝ ቀን ቃሌ ተመልሳ መታችኝ። ለእኔ ግልጽ አልነበረምና። በየዓመቱ በክፍሌ የኋላ ረድፍ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው፣ አንድም ቀን ጥያቄ ሳይጠይቁ የወደቁት ልጆች በዓይኔ ላይ መጡ። ጥያቄ ያልጠየቁት ስላልገባቸው ብቻ አልነበረም፤ እኔ አስቀድሜ «ግልጽ ነው» ስላልሁ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሊቱን ከክፍል አላስገባኋትም።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከትምህርት ቤታችን ባልደረቦች ጋር አንዲት ትንሽ ባንድ አቋቋምን። የስፖርት መምህሩ ድራም፣ የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ቤዝ ጊታር፣ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ኪቦርድ ያዙ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ክራራቸውን ከቤታቸው አመጡ። ድምፃዊቷ ለመምህራን ቡና የሚያፈሉልን እናት ነበሩ፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ለእኔ የደረሰኝ ሪትም ጊታር ነበረ። ድራሙንና ድምፅ ማጉያውን ከየደመወዛችን አዋጥተን ተከራየን። ዓላማችን አንድ ነበረ፤ የመጪው ሰኔ መዝጊያ እንደ አምናው በዝምታ እንዳያልፍ።

ትዝታን ስንለማመድ ነገሩ ሁሉ ሠመረ። ችክችካ በሚባለው የ6/8 ምትም ብዙ ሳልደናቀፍ ተከተልሁ። ችግሩ የመጣው እትዬ አምባሰልን ባነሡ ዕለት ነው። እኔ ኮርዴን ይዤ ስገባ ድምፃቸው ወላወለ፤ እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና አቋረጡ። በመጨረሻም ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር፤ እርስዎ ሲገቡ ዜማው መንገዱን ይስትብኛል። እንግዳ የገባበት ይመስለኛል» አሉ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከሁሉም በዕድሜና በአገልግሎት ቀዳሚው መምህር እኔ ስለ ነበርሁ «ተሳስተሃል» ሊለኝ የደፈረ አልነበረም። ይልቁንም አንዱ ባልደረባዬ አምባሰሉ ቀርቶ ለጊታር የሚመች ሌላ ዘፈን ይመረጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። እትዬም «እሺ፣ እንደ ፈቀዳችሁ» ብለው ወደ ጀበናቸው ተመለሱ። እኔም ዝም አልሁ። ዛሬ ድረስ የሚያሳፍረኝ ኮርዱን መሳቴ ሳይሆን ያ ዝምታዬ ነው። በወሎ ምድር፣ አምባሰል ከስሙ ጋር በተወለደበት አገር፣ ለእኔ የስምንት ወር ጊታር ሲባል አንዲት እናት ዕድሜ ልካቸውን ያዜሙትን ዜማ እንዲተዉ ተደረገ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ወረቀትና እርሳስ አንሥቼ ቅኝቶቹን ጻፍኋቸው። ከዶ ብንነሣ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። በሁለቱም ውስጥ ዶ፣ ሚና ሶል ስላሉ ከዶ የሚነሣው የጊታር ኮርድ ከዜማው ጋር አይጣላም። አምባሰል ግን ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ነው፤ ሚ የሚባል ድምፅ በውስጡ የለም፤ ሚ ቢሞልም የለም። እንግዲህ ኮርዴን ሜጀርም ባደርገው ማይነርም ባደርገው፣ ቅኝቱ የማያውቀውን አንድ ድምፅ በግድ እጨምርበት ነበር። አንቺሆዬማ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል ቢሞል፣ ላ ስለሆነ ሶሉም ሳይቀር እንግዳ ይሆንበታል። እትዬ ኖታ አያነቡም፤ ነገር ግን እኔ በወረቀት ሌሊቱን ሙሉ የፈለግሁትን በጆሯቸው በአንድ ቅጽበት አግኝተውት ነበር። እንግዳ ያሉትም እንግዳ ነበረ።

ጎሕ ሲቀድ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሄጄ ዘበኛው ጋሼ ዘንድ ተቀመጥሁ። ነገሩን ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም፤ ክራራቸውን አንሥተው አምባሰልን በግርፍ ተጫወቱልኝ። ቀኝ እጃቸው አውታሮቹን በሙሉ ይገርፋል፤ የግራ እጃቸው ጣቶች ደግሞ ለጊዜው የማይፈለጉትን አውታሮች እየነኩ ያፍኗቸዋል፤ የሚሰማው ጣት የተነሣለት አውታር ብቻ ነው። «መምህር» አሉኝ፤ «እርስዎ ግራ እጅዎ ሁልጊዜ ሊናገር ይፈልጋል። የእኔ ግራ እጅ ሥራው ዝም ማሰኘት ነው።»

በዚህች አነጋገር የሁለቱን መሣሪያዎች ልዩነት ተረዳሁት። ክራር አስቀድሞ ለቅኝቱ ተቃኝቶ ስለሚያዝ እንግዳ ድምፅ የሚገባበት በር የለውም። ጊታር ግን አሥራ ሁለቱንም ድምፆች በአንገቱ ላይ ደርድሮ «የፈለግኸውን ውሰድ» ይላል። ስፋቱ ሀብት ነው፤ ላልተማረ እጅ ግን ወጥመድ ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአምባሰል ኮርዱን ሙሉ አልያዝሁም። ዶንና ሶልን ብቻ አስቀርቼ ሌሎቹን አውታሮች በጣቶቼ ማፈን ተማርሁ። በዕለቱ የሻይ ሰዓትም በባልደረቦቼ ሁሉ ፊት፣ «እትዬ፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ዝም በማለቴም አጥፍቻለሁ። አምባሰሉ ይመለስልን፤ ካልተስማማ የምወጣው እኔ ነኝ» አልኋቸው። «ኧረ መምህር፣ ምን አጠፉና!» ብለው ደነገጡ። ከሰዓት በኋላ ግን ለልምምድ መጡ፤ ዜማውንም ከዳር እስከ ዳር ሳያቋርጡ ዘለቁት።

ይህ ጥያቄ በእኛ ትንሽ ባንድ የተጀመረ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የናስ መሣሪያቸውን ይዘው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ፣ የውጭ መሣሪያና የአገር ቅኝት እንዴት ይኑሩ የሚለው ጉዳይ ሙዚቀኞቻችንን ሲያነጋግር ኖሯል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራርን፣ መሰንቆን፣ በገናንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ በማሰለፍ አንዱን መልስ ሰጥቷል። እንደ ሮሃ ባንዱ ሰላም ስዩም ያሉ የጊታር ባለሙያዎች ደግሞ ጊታርን የአገራችንን ዜማ በማናገር ሌላውን መልስ ሰጥተዋል። ከሁለቱም የተረዳሁት መሣሪያው ከየትም ይምጣ፣ ቅኝቱን እንደ ባለቤት፣ ራሱን እንደ እንግዳ አድርጎ መግባት እንደሚገባው ነው።

የሰኔ 2015 ዓ.ም. መዝጊያ ደረሰ። ከመድረኩ ስወጣ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ፤ አንዱን ባልደረቦቼ ሰምተውታል፤ ሁለተኛውን የድራሙ ድምፅ ሸፈነልኝ። እትዬ አምባሰልን ሲያዜሙ እኔ ከዶና ከሶል በቀር የረባ ነገር አልተጫወትሁም። አብዛኛውን ጊዜ ግራ እጄ አውታሮቹን ይዞ ዝም ያሰኛቸው ነበር። ተማሪዎቹ ግን በመጀመሪያ በጭብጨባ፣ ቀጥሎም በድምፃቸው ተቀበሏቸው። ካርድ ከታደለ በኋላ እንኳ ወደ ቤቱ የሄደ ልጅ ጥቂት ነበር።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ መምህር ከሆንህ በጎልማሳነትህ የማታውቀውን አንድ ነገር ከሀ ጀምረህ እንድትማር እመክርሃለሁ፤ ተማሪህን የምታየው ያን ጊዜ ነውና። የምትመራው ሰው ካለህም፣ ስለ ማዕረግህ ሲሉ ዝም የሚሉህን ሰዎች ጠርጥራቸው። እኔ ዛሬም ደኅና ጊታር ተጫዋች አይደለሁም፤ የፋ ኮርድም ቀን ቀን እየመረጠ ነው የሚወጣልኝ። ጊታሩ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው። ጡረታ በምወጣበት ቀን በፊርማ እንደ ተረከብሁት በፊርማ አስረክበዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ስድስቱም አውታሮች ይኖሩታል።