ከበረንዳ ወደ በረንዳ

እኛ በኮንትራት ቤሩት ሄደን፣ በሰው ቤት ሠርተን የተመለስን ሴቶች ነን። ቤሩት የሊባኖስ ዋና ከተማ ናት። ቤቱ ሁሉ ፎቅ ነው። ገና እንደ ደረስን ፓስፖርታችንን ማዳም ወሰደችው፤ በሩም ተቆለፈብን። የቀረልን ደጅ በረንዳው ብቻ ነበር። እዚያ ልብስ ይሰቀላል፣ ምንጣፍ ይራገፋል። የምናንጎራጉረውም እዚያው ነው።

አንዷ ስትጀምር ከማዶ ፎቅ ሌላዋ ትቀበላታለች። ፊቷን በደንብ አናየውም። ግን የወሎዋን ከጎጃሟ በዜማዋ እንለያለን። ግጥሙን የምናወጣው ከራሳችን ነው። አንዷ እንዲህ አለች፦

መስኮቱን ወልውዪ ይሉኛል በየለቱ፣
አገሬን ካላሳየ ምን ሊረባኝ ጥራቱ።

ማዳም ዘፈን ነው ብላ ዝም ትላለች። አማርኛ አታውቅማ! በግጥሙ ውስጥ ግን ወሬ አለ። ማን ታመመች፣ ማን ደመወዝ ተከለከለች፣ ሁሉንም እንሰማለን።

ከማዶ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው እኅታችን በየማለዳው ታንጎራጉር ነበር። አንድ ሰሞን ድምፅዋ ጠፋ። በግጥም ጠየቅናት። በአራተኛው ቀን ብቅ ብላ ባጭሩ መለሰች። ስምንት ወር ደመወዝ አላገኘችም፤ ምግብም ቀንሰውባታል። ከእኛ መካከል ፊደል የቆጠረችው ለሠራተኛ የሚቆረቆሩ ሰዎችን ስልክ በቁራጭ ወረቀት ጻፈች። በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጣ ወረወረችላት። እኅታችን ማዳም ስትተኛ ቁጥሩን አንብባ ደወለች። የደመወዟን ግማሽ ተቀብላ አገሯ ገባች። ግማሹ እዚያው ቀረ።

ለምን ቢባል፣ በ1939 ዓ.ም. የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። ከፋላ የሚሉት አሠራርም የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ካሠሪዋ ጋር ያስራል። ጥላ ከወጣች ሕገ ወጥ ትባላለች። በጥር 2007 ዓ.ም. የየአገሩ የቤት ሠራተኞች ቤሩት ላይ ማኅበር አቋቋሙ። መንግሥት ግን አላወቀላቸውም።

እሑድ መውጣት የተፈቀደልን ባንድ ክፍል እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል፣ እስክስታ ይወረዳል። የፊሊፒንሷም የአገሯን ጭፈራ ታሳያለች። በቋንቋ አንግባባም፤ ትከሻና እግር ግን ይግባባል። ደግሞ ጥልፍ እየጠለፍን እንሸጣለን። ገንዘቡ በሙዳይ ይጠራቀማል፤ የአውሮፕላን ቲኬት ላጣች ነው።

በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ። አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው አምጥተው ቤሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። ሴቶቹ አስፋልት ላይ አደሩ። ያን ጊዜ ሙዳዩ ተከፈተ። ፍራሽና ዳቦ ተገዛበት። ለቲኬት የተረፈው ለሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ ሁለት እኅቶች፣ አንዷ ነፍሰ ጡር፣ በዚያ ተሳፈሩ። ሌሎቹ ተራ ሲጠብቁ እኛ እንደገና መርፌና ክር ያዝን።