ከደብረ ብርሃን እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

አንባቢ ሆይ፤ በደብረ ብርሃን ከተማ ዘመዱን ወደ አሜሪካ የሸኘ ቤተሰብ ሁሉ በዚያው ሌሊት «አሁን የት ደርሳ ይሆን?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው የሚቀርበውም ከቤቱ ውስጥ ለተማረው ሰው፥ ማለት ለአንተ ነው።

ቲኬቱን አይተህ ለመመለስ አትቸኩል። እኅትህ በሐምሌ ወር ከምሽቱ 4 ሰዓት ከቦሌ ተነሥታ ዋሽንግተን ከጧቱ 2 ሰዓት ትገባለች እንበል። የ10 ሰዓት መንገድ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ወራት የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፥ እውነተኛው ጉዞ 17 ሰዓት ነው። እናትህ በማግሥቱ ጧት ተነሥታ «ምነው ስልክ አልደወለች?» ብትል፥ ልጅቱ ገና ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በላይ ናት።

አሁን ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። አይሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ቢበር 13 ሰዓት ይበቃዋል፤ የቀረው 4 ሰዓት የት ገባ? የከፍታችን ዕዳ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም ጉልበት፥ የክንፉም የመሸከም ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛና ሙሉ ነዳጅ ባንድነት ይዞ መነሣት ይከብደዋል፤ ነዳጅ ቀንሶ ይነሣና በመንገድ ያርፋል። በተለያዩ ዓመታት በሮማ፥ በደብሊንና በሎሜ ነዳጅ ቀድቷል። በመልሱ ግን የዋሽንግተን ጣቢያ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ንፋሱም ከኋላ ይገፋል፤ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባል። (የእኛይቱ ደብረ ብርሃንማ 2,800 ሜትር ታልፋለች፤ ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል።)

የቤተሰቡ ሒሳብ ግን ከቦሌ አይጀምርም። ጫጫን፥ ሸኖን፥ አለልቱንና ሰንዳፋን አልፎ አዲስ አበባ ለመግባት 130 ኪሎ ሜትሩ በአውቶቡስ 3 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አይሮፕላን በዚህ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ካይሮ ይቃረባል። በጣቢያው ቀድሞ መገኘት ደግሞ ሌላ 3 ሰዓት ነው። ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ሲቆጠር አንድ ቀንና ሌሊት ሞላ ማለት ነው። ይህም ቢሆን፥ ካፒቴን ሃሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ በ1833 ዓ.ም. ጓዙን በግመል አስጭኖ ከታጁራ ወደ አንኮበር ሲመጣ ከአንድ ወር በላይ እንደ ፈጀበት ለሚያስታውስ ሰው ቅንጦት ነው።

እንግዲህ እናትህን እስከ ቀኑ 9 ሰዓት አረጋጋት። ከዚያም በኋላ ፓስፖርት የሚታይበት ሰልፍ አለና፥ እስከ 11 ሰዓት ስልኩ ባይጮኽ አትደንግጡ።