ዕቃ ሞቶ የሚነሳበት ሰፈር

አዲስ አበባ ውስጥ ስሙ ራሱ ጥያቄ የሆነ ሰፈር አለ። ምን አለሽ ተራ! መርካቶን የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ካለ ደግሞ በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ይፈልገው። ኳ! ኳ! ኳ! የሚል የመዶሻ ድምፅ ከሩቅ ይጠራችኋል። ድምፁን ተከትላችሁ ብትሄዱ አትሳሳቱም።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ሳምንት ጉዟችን እንግዲህ ላንጋኖም ሶደሬም አይደለም። በታክሲ ደርሰን በታክሲ የምንመለስበት ነው። ጉዳዩ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚህ ከተማ ያለ ወጣት ሁሉ ውስጥ ውስጡን የሚያብሰለስለው አንድ ነገር አለ። «ደህና ኑሮ ኖርኩ ለማለት ስንት ዕቃ ያስፈልገኛል?» ይህን ለመጠየቅ ዱባይ ተራ ብንሄድ መልሱ የታወቀ ነው፤ ነጋዴው «ሁሉም ያስፈልግሃል» ይለናል። ስለዚህ ዕቃ አርጅቶ የሚሄድበትን ሰፈር መረጥኩ።

ከአራዳ እስከ መርካቶ

መቼም መርካቶ ሲባል ከጥንት ጀምሮ እዚያው የነበረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የድሮው የአዲስ አበባ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን በ1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ነው የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ የተደረገው። ስሙም የዚያው ዘመን ቅሪት ነው፤ መርካቶ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ጣሊያን በ1933 ሲወጣ ገበያውና ስሙ እኛው ጋ ቀሩ።

ዛሬ በመርካቶ ዕቃ ሁሉ የየራሱ ተራ አለው። በርበሬው በርበሬ ተራ፣ ሸማው ሸማ ተራ፣ ሸራው ሸራ ተራ። በአንድ በኩል ታላቁ አንዋር መስጊድ፣ በሌላ በኩል ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው ይህን ሁሉ ግርግር ያዩታል። በአዲስ ዕቃ ተራዎች መካከል እየተጋፋን፣ «ዞር በል!» የሚል ተሸካሚ በመጣ ቁጥር ግድግዳ እየተለጠፍን አለፍን። «አለፍን» ያልኩት ብቻዬን ስላልሄድኩ ነው፤ አብሮኝ ስለሄደው ልጅ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ዕቃ ወደ ምን አለሽ ተራ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ ጆንያውን ተሸክሞ በየመንደሩ የሚዞረው ልጅ የእናቶቻችንን ደጃፍ ያንኳኳል። የዛገ ብረት፣ ባዶ ጠርሙስ፣ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ አንድ እግር ጫማ ይሰበስባል። እኛ «ተገላገልን» ስንል እሱ «አገኘሁ» ይላል። ያ ጆንያ ዞሮ ዞሮ እዚህ ይራገፋል።

እዚህ ደግሞ ተአምር ይሠራል። የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። የዘይት ጣሳ ኩባያና ማንቆርቆሪያ ይሆናል። በርሜል ተሰንጥቆ፣ በመዶሻ ተደብድቦና ተዘርግቶ፣ በር ወይም ምድጃ ሆኖ ይነሳል። የጎበጠ ሚስማር እንኳ ሳይጣል እየተቃና በክምር ይሸጣል። የሰፈሩ አየር የዛገ ብረት፣ የጎማና የከሰል ሽታ አለው። ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ እንዳትሄዱ!

የቴሌቪዥኗ ውለታ

ከአንድ ምድጃ ሠሪ ሽማግሌ ፊት ቆምን። በእጃቸው ያለው ቆርቆሮ ቅርፁ ገና አልለየም።

«ጋሼ፣ ይሄ ድሮ ምን ነበር?» አልኳቸው።

«የዘይት በርሜል ነበር። ከዚያ በፊት ምን እንደነበር ፈጣሪ ይወቅ፣ ልጄ።»

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከአጠገባቸው የተደረደረው ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ነው፤ ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ። ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ከሰል ይቆጥባል። ከሰል በየቀኑ የሚገዛ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

«ይህን ያህል ዘመን ዕቃ ሲሠሩ ለቤትዎ ምን ምን ወሰዱ?»

«ምድጃ አለኝ። ማንቆርቆሪያ አለኝ። ሌላው ለምኔ?» አሉና መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ዕቃ ባይኖረኝ ግድ የለኝም እንድልህ ነው የፈለግኸው? ውሸቴን ነው የሚሆነው። አንድ ጊዜ ባለቤቴ ታማብኝ ነበር። በእጄ ሳንቲም የለም። ቤት ውስጥ የነበረችኝን ቴሌቪዥን ሸጥኩና አሳከምኳት። ያቺን ቴሌቪዥን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።»

እናንተዬ፣ ስለ ቴሌቪዥን ብዙ ማስታወቂያ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ምስጋና ግን ሰምቼ አላውቅም። ሰውየው የተናገሩት ነገር ሁለቱንም ወገን ዝም የሚያሰኝ ነው። «ገንዘብ ምን ዋጋ አለው፣ ፍቅር ካለ ይበቃል» የሚለውን ዝም ያሰኛል፤ ሚስት ስትታመም ፍቅር ብቻውን የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ አይከፍልም። «ያለ ዕቃ ሰው ሰው አይደለም» የሚለውንም ዝም ያሰኛል፤ ቴሌቪዥኗ ትልቁን ሥራዋን የሠራችው ከቤት ስትወጣ ነውና።

ሠርጉን ያስቀረ ፍሪጅ

አሁን ወደ አብሮኝ ሄጄው ልጅ ልምጣ። ስሙን አልጠቅስም። ደህና ሥራ አለው፤ ሱሰኛ አይደለም፤ ከእጮኛው ጋር ቃል ከተገባቡ ሦስት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ሠርጉ ግን ይኸው እንደ ባቡር ሐዲድ ወደፊት ብቻ ይሄዳል። ለምን ብትሉ፣ «ዕቃው አልተሟላም።» ዝርዝሩን በስልኩ ይዞት ይዞራል። ጥግ የሚዞር ሶፋ፣ ቡፌ፣ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ፣ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን። አንዱን ለመግዛት ገንዘቡ ሊሞላ ሲል ዋጋው ይሸሻል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የውጭ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሮጠ የምታውቁት ነው።

እጮኛውስ ምን ትላለች? አንድ ቀን ሦስታችን ቡና ስንጠጣ ብሶቷን እንዲህ አውጥታዋለች። «እኔ ከእሱ ጋር ቁርስ መብላት ነው የፈለግሁት። እንጀራው ፍሪጅ ውስጥ ይደር ሞሰብ ውስጥ ይደር፣ እኔ ምን ቸገረኝ? ሦስት ዓመት ሙሉ እኮ ፍሪጅ ነው የምንጠብቀው!»

የእሱ መልስ ደግሞ ይኸውላችሁ። «አንቺ እንደዚህ ትያለሽ። ዘመዶችሽ መጥተው ባዶ ቤት ሲያዩ ምን ይላሉ?»

አያችሁልኝ? ፍሪጁ ለምግብ አይደለም፤ ሶፋውም ለመቀመጫ አይደለም። ለዘመድ ዓይን ነው። ሠርጉን ሦስት ዓመት ያዘገየው የዕቃ እጥረት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ጠግቦ አያውቅም። ዛሬ ፍሪጅ ብታበሉት ነገ መኪና ይጠይቃል።

ግን በልጁ ላይ ፈጥነን አንፍረድ። ጣሪያው በሚያፈስ አንድ ክፍል ውስጥ ከስድስት ሰው ጋር ያደገ ልጅ ነው። ክረምት ሲመጣ ዝናቡን ለመቀበል የሚደረደረው ጎድጓዳ ሳህን እስከ ዛሬ አይረሳውም። ጓደኞቹ ቤቱን እንዳያዩ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ቀይሮ ይሄድ ነበር። ድህነት ያሳፈረው ሰው ዕቃ ቢመኝ ቅንጦት አይባልም፤ ቁስሉን መሸፈኑ ነው። ጥያቄው ዝርዝሩ የቱ ጋ ሲደርስ ነው መሸፈኛ መሆኑ አብቅቶ ሸክም የሚሆነው? የሚለው ነው።

ድንኳን የሚገዛ ማን አለ?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከጎረቤቶቻችሁ መካከል ለቤቱ የለቅሶ ድንኳን የገዛ ሰው አለ? የለም። ሀብታምም ቢሆን አይገዛም። ለምን? ዕድር አለዋ! ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት፣ ሳህኑና ብርጭቆው የሁሉም ነው፤ ሐዘን ለገባበት ቤት ወዲያው ይደርሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል በተግባር ይህ ነው። ወላጆቻችን ዕቃ ሁሉ የግል መሆን እንደሌለበት ያለ ትምህርት ቤት ገብቷቸው ነበር። እኛ ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ከጎረቤት ወንፊት መበደር እንኳ አሳፈረንና፣ ጎረቤት ለጎረቤት አንድ ዓይነት ዕቃ ገዝተን በር ዘግተን ተቀመጥን።

ሌላም ነገር አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ በእሳት ሲጋይ ብዙዎቻችን አይተናል፤ ሰምተናል። ለዓመታት የተጠራቀመ ንብረት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ያ እሳት «ዕቃ ከንቱ ነው» ብሎ ለመስበክ አይመችም፤ የሰው እንጀራ ነው የተቃጠለው። ነገር ግን መርካቶን የሚያውቅ ይህንንም ያውቃል፤ መርካቶ ውስጥ ዕቃ በቃል ይወሰዳል፣ ተሽጦ ይከፈላል። ሱቁ የተቃጠለበት ነጋዴ አጉል ስም ካልነበረው «ወስደህ ሽጥና ትከፍለኛለህ» የሚለው ሰው ሊያገኝ ይችላል። እምነት መጋዘን አያስፈልገውም፤ እሳትም አይደርስበትም።

ከመግዛታችሁ በፊት

ምክር አትስጠን እንዳትሉኝ፣ ገጹ የምክር ነው! ከምን አለሽ ተራ የያዝኩትን እነሆ።

አንደኛ፣ ዕቃው ይሠራል ወይስ ይታያል? ብለን እንጠይቅ። በየቤታችን ቡፌ ውስጥ ዓመት ሙሉ ውኃ ያልተቀዳበት «የእንግዳ ብርጭቆ» አለ። በዚያው ቤት ልጆቹ በተሸረፈ ኩባያ ይጠጣሉ።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ቤት ሲገባ ምን ያስወጣል? እንቅልፍ፣ ሰላም፣ የወር አስቤዛ? በብድር የመጣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚጨነቅ ሰው ቢያንስ መሬት ላይ ተቀምጦ መሳቁን አስታውሶ ያወዳድር።

ሦስተኛ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ምን ያደርግልኛል? እንደ ሽማግሌው ቴሌቪዥን የሚሸጥ ነው? ወይስ ከሱቅ በወጣ ማግስት ግማሽ ዋጋውን የሚጥል ጌጥ? ለክፉ ቀን ከሆነስ የዕቁብ እጣ ወይም የባንክ ደብተር አይሻልም ወይ?

ልትጋቡ አስባችሁ ዕቃ ላቆያችሁ ደግሞ የኔ ዝርዝር አጭር ነው። ጥሩ ፍራሽ፤ ጀርባ ለዘላለም ነውና። ምድጃና ሁለት ድስት። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ አንድ በርሜል ወይም በርከት ያለ ጀሪካን። የማያፈስ ጣሪያ፤ በዚህ ቀልድ የለም። የቀረው አብራችሁ እየኖራችሁ ይመጣል። አብሮ የተገዛ ወንበር ታሪክ አለው፤ ተሟልቶ የጠበቀ ቤት ግን የሌላ ሰው ቤት ይመስላል።

አብሮኝ የሄደው ልጅ ከሽማግሌው ጋር ሲከራከር ቆይቶ አንድ ላቀች ምድጃ ገዛ። የሠርጉን ቀን ቆረጠ ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። እሱን የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቤት ስታደራጁ ከራሳችሁ ቁጥር ሁለት የሚበልጥ መቀመጫ ይኑራችሁ፤ ዱካም ቢሆን። ሰው ሲመጣ የሚቀመጥበት ያጣበት ቤት ድሃ ነው፤ መቀመጫው ሞልቶ ሰው የማይመጣበት ቤት ግን ከዚያም የባሰ ድሃ ነው።

ሳምንት በደህና ያገናኘን!