በገና ወይስ ጂጂ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ኢንቦክስ ገብቶ «ቲቸር፣ ስልክህ ላይ አንድ አልበም ብቻ ይቅር ብትባል የቱን ታስቀራለህ?» አለኝ። ለጨዋታ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ከረምኩ።

ለኔ ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በገና ነው፤ ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ ውስጥ 11ኛ ሆኖ የወጣው። ሁለተኛው ጂጂ እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ ያወጣችው፣ «ጉራማይሌ» ያለበት። (ዓለሙ አጋ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦግራፊ ነው። እኔም የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ ይህን ሳልነግረው ያለፍኩት ባች የለም። ያስተማርኳችሁ ታውቃላችሁ።)

በገናው እኛ ቤት የገባው አባቴ ሲሞት ነው። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ሬዲዮው ተዘጋ፣ እናቴ ጥቁር ለበሰች። ለቀስተኛው ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል ዝምታው ከለቅሶው ባሰብኝ። አንድ ማታ ስልኬን ዝቅ አድርጌ በገናውን ከፈትኩት። እናቴ አልተቆጣችም። በገና 10 አውታር አለው፤ ያንን የሚነዝር ድምፅ የምታመጣው በየአውታሩ ሥር የምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት። ዓለሙ አጋ ደግሞ አይጮኹም። አጠገብህ ቁጭ ብለው የሚያወሩህ ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲህ እናቴ እራት ከበላን በኋላ «እስቲ ያንን ክፈትልኝ» ትላለች። ቀብሩ ላይ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር። ያለቀስኩት እዚያ፣ እሷ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አባቴ በገና ሲያዳምጥ አይቼው አላውቅም። በሁዳዴ እንኳን።

አባቴ ሹፌር ነበር። የበቾን ጤፍ ጭኖ እህል በረንዳ ያራግፋል። የጂጂን ካሴት ከመርካቶ ገዝቶ ሲመጣ እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ነበርኩ። ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና ያስቀምጠኛል፤ ከተጂ ተነስተን ተፍኪን፣ ሰበታን፣ ዓለም ገናን አልፈን አየር ጤና እስክንደርስ ካሴቱ አንዴ ይገለበጣል። አልበሙ ላይ እነ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር እንደተጫወቱ፣ ፕሮዲውሰሩም ቢል ላስዌል የሚባል አሜሪካዊ እንደሆነ ያወቅኩት ኮሌጅ ገብቼ ነው። ሮጬ ስነግረው «እነሱ ደግሞ እነማን ናቸው?» አለኝ። ለሱ የቻግኒ ልጅ መሆኗ በቂ ነበር። ሳክስፎኑ ሲመጣ ግን መሪውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። አንዴ ሰኔ ላይ ገጠር ገብተን መኪናው ጭቃ ያዘው። ካሴቱን አላጠፋውም። ባትሪ ይጨርሳል ብለው «ዝም በል፣ እሷ ትገፋልናለች» አለኝ።

እንደ ሙዚቃ ካየነው ጂጂ እንከን አላጣትም፤ አንዳንድ ቦታ መሣሪያው በዝቶ ድምጿን ይጋፋታል። በገናው ላይ የሚቀነስም የሚጨመርም ነገር አላገኘሁም። ግን በገናውን ስሰማ አባቴ መሞቱን አውቃለሁ። ጂጂን ብከፍት መኪናው በር ላይ የቆመ ይመስለኛል ብዬ ፈርቼ ይኸው ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ቀን አልከፈትኳትም።

እሁድ ዕለት ቡና ላይ ለእናቴ የልጁን ጥያቄ ነገርኳት። ትንሽ ቆየችና «በገናውን ለኔ ተውልኝ፣ ለምጄዋለሁ» አለች። ስኒውን ሰጥታኝ ደግሞ «የሱን ግን አጠፋኸው እንዴ?» አለችኝ።

አላጠፋሁትም አልኳት።

«እንግዲያው በሩን ዝጋና ክፈተው። ቀስ አድርገህ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።»

ሁለት ዘፈን ሰማን። ሦስተኛው ሲጀምር «በቃ፣ ዛሬ ይበቃናል» አለች።

የእናቴ ስልክ ባለ በተን ናት። ሰኞ ሚሞሪ ካርድ ገዝቼ በገናውን ጫንኩላት፣ ከዚያ ለልጁ «ጂጂ» ብዬ መለስኩለት። የሳቅ ምልክት ላከልኝ።