ፈረስና ፈረሰኛ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የእንጦጦን ጋራ በስተ ሰሜን ተሻግሮ፣ የጎጃምን መንገድ ይዞ ለሚወርድ ሰው የሱሉልታ ሜዳ ወለል ብሎ ይታየዋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ክረምቱ ሲወጣ ድርቆሽ የሚታጨድበት መስክ ነው። ለፈረስ ሣሩም ብርዱም ይስማማዋል፤ የአካባቢው የኦሮሞ ገበሬም ፈረስን እንደ ቤተ ሰብ አድርጎ ሲያሳድግ የኖረ ነው። ዛሬ ሱሉልታም፣ ቡራዩም፣ ሰበታም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ከመስኩም ብዙው በአጥር፣ በመኖሪያ ቤትና በፋብሪካ ተይዟል።

ወደዚያ የሄድነው ፈረስ ሲገራ ለማየት ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ ያልተገራ ዳማ ፈረስ በረዥም ገመድ ይዘው ቆመዋል። «አባታችን፣ ጅራፍ የለዎትምን?» ብንላቸው፣ «እሱስ ሞልቷል፤ ነገር ግን ልጆቼ፣ ጅራፍ ሂድ ይላል እንጂ ወዴት እንደሚኬድ አይናገርም» አሉን።

ገመዱን በቀስታ ወደ ግራ ሳብ አደረጉት፤ ፈረሱ አንገቱን አጠንክሮ እንቢ አለ። አዛውንቱ አልጨመሩም፤ አልለቀቁምም፤ ባሉበት ጸንተው ጠበቁት። ፈረሱ አንዲት እርምጃ ወደ ግራ ባነሣ ጊዜ ግን በዚያችው ቅጽበት ገመዱን አላሉት፤ አንገቱንም ዳሰሱለት። የሥራው ምሥጢር ሁሉ በዚህች ቅጽበት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ፈረስ ትምህርት የሚቀበለው ገመዱ ሲሳብ አይደለም፤ ሲላላ ነው። መሳቡ ጥያቄ ነው፤ መላላቱ «አዎን፣ ይኸው ነው» የሚል መልስ ነው። ፈረሱ ከታዘዘ በኋላም ሳያቋርጥ የሚስብ እጅ መልሱን ስለሚነፍገው፣ እንስሳው መታዘዝና አለመታዘዝ አንድ ይሆኑበታል፤ ውሎ አድሮም አፉ ይደነዝዛል። ባለቤቱ ይህን አይቶ «ልበ ደረቅ ፈረስ» ይለዋል። በእኛ አስተያየት ስሙ የሚገባው ለሌላ ነው።

ልጓም ሲገባ ጥንቃቄው ይበልጥ ይከብዳል። የአገራችን ጥንታዊ ልጓም ቀለበት ሆኖ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ ብረት ስላለው፣ ጥቂት ሲሳብ ብዙ ያሳምማል። በዚህ ልጓም በፈጣን ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ባዶ እግሩን በአውራ ጣቱ ብቻ በእርካቡ አስገብቶ ጉግስ ይጫወት የነበረ ሰው እጁ ምን ያህል የለዘበ መሆን እንደ ነበረበት አንባቢ ይገምተው። ሰውነቱን ወደ ኋላ መለስ ሲያደርግ ፈረሱ ይገታል፤ ወደ ጎን ዘንበል ሲል ይዞራል፤ ዛቡ የመጨረሻው ቃል ነበር። አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም መጠራታቸውም ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል።

ፈረስም በበኩሉ ይናገራል። ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ተቀመጡ ዙሪያውን ለማየት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን ቅርብ ስፍራና ከጅራቱ በስተ ኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ ከኋላ ድምፅ ሳያሰሙ መቅረብ ማስደንበር ነው። ጆሮው ወደ ጋላቢው ሲዞር ያደምጣል፤ ወደ ኋላ ተጣብቆ ሲተኛ ተቆጥቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ዜኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ተቆጥቶ ወደ ፈረስ መቅረብን አጥብቆ ከልክሏል። የሱሉልታው አዛውንት ዜኖፎንን አላነበቡም፤ ፈረሱ በገመዱ ተጠላልፎ በተንፈራገጠ ጊዜ ግን ገመዱን ለልጃቸው ሰጥተው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ንዴታቸው እስኪበርድ ነበር።

ከዚያ ወደ ቡራዩ ተሻገርን፤ የአምቦ መንገድ የሚያልፍባት፣ የገፈርሳ ውሃ የሚገኝባት ናት። በማግሥቱ ደግሞ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ ወረድን። በእነዚህ ከተሞች ያየናቸው ፈረሶች ከጋሪ ፊት የተጠመዱ ናቸው፤ በባጃጅና በሲኖ ትራክ መካከል ሲሚንቶና ጆንያ ይጎትታሉ። ያነጋገርናቸው ነጂዎች አብዛኞቹ የጋሪው ባለቤቶች አይደሉም፤ በየቀኑ ለባለቤቱ ገንዘብ ቆጥረው ያስረክባሉ፤ ፈረሱም ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ይሰጣል። አንዱ ነጂ በፉጨት ያቆመዋል፤ ሁለተኛው በዚያው ፉጨት ያስኬደዋል፤ ሦስተኛው ከነአካቴው አይናገርም፤ ዛቡን ይመነጭቃል። በየቀኑ ቋንቋው የሚለወጥበት እንስሳ ምን ይረዳል? የአፉ ዳር ቆስሎ ያየነው ፈረስ አንድና ሁለት አይደለም። ድህነት የነጂውን እጅ እንደሚያከብደው እናውቃለን፤ ቁስሉ ግን ቁስል ነው።

በሰበታ ገበያ አጠገብ ግን አንድ ወጣት ነጂ አገኘን። የልጓሙን ብረት በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎታል። የጭነት መኪና ጥሩንባ በነፋ ጊዜ ፈረሱ ጆሮውን አቆመ፤ ወጣቱ ዛቡን አላጠበቀም፤ በዝቅተኛ ድምፅ «አይዞህ፣ አይዞህ» አለው፤ ፈረሱም ረዥም ትንፋሽ ተንፍሶ ቆመ። ማን አስተማረህ ብንለው፣ አያቱ ዘንድ ፈረስ እየጠበቀ ማደጉን ነገረን። ይህን ፈረስ ከያዘው ሁለት ወር ሆኖታል፤ ከሰኞ ጀምሮ ግን ባለቤቱ ሌላ ጋሪ ሊሰጠው ነው። ይኸኛውን ማን እንደሚነዳው ገና አልሰማም።