«ስንት ሰው ይገድላል?»

ዛሬ ጥቅምት 2፣ የዓለም የአርትራይተስ ቀን ነው። የሕዝብ እንደራሴው እኛን የቁርጥማት (የአርትራይተስ) ሕመምተኞችን በመጨረሻ ተቀብለው አነጋገሩን። ደብዳቤያችን ብዙ ቢሮ ዞሮ ነው እሳቸው ጋ የደረሰው።

ሰውየው ክፉ አይደሉም። ሻይ አስመጡልን። እናታቸውን ጉልበታቸውን ክፉኛ እንደሚያማቸው ነገሩን። (ስለ ቁርጥማት አፋችንን በከፈትን ቁጥር የአገሩ እናት ጉልበት ሁሉ አብሮ ይነሳል፤ ለሁሉም ምሕረቱን ያውርድላቸው።) ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡት፤ እስካሁን እንዲህ ያደረገ ሌላ ባለሥልጣን አላጋጠመንም። ከዚያ ቀና ብለው «ግን ስንት ሰው ይገድላል?» አሉን።

በንቀት አልጠየቁም። በጀት የሚጠይቅ ሁሉ የሟች ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ እኛም የያዝን መስሏቸው ነው። ጥያቄውም የእሳቸው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም መሪዎች በተባበሩት መንግሥታት ተሰብስበው ስለ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ሲመክሩ ቅድሚያ የሰጡት ለአራት ነው፤ ለልብና ደም ሥር፣ ለካንሰር፣ ለስኳር እና ሥር ለሰደደ የመተንፈሻ አካላት ሕመም። ብዙ ሰው የሚገድሉት እነሱ ስለሆኑ መቅደማቸው አይከፋኝም። የሚከፋኝ የእኛ ሕመም «እና ሌሎች» ከሚለው ጀርባ መቅረቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ የጡንቻ፣ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕመሞች በዓለም ቀዳሚው የአካል ጉዳት መንስኤ እንደሆኑ፣ ወደ 1.7 ቢሊዮን ሰው እንደያዙ ይናገራል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ብቻውን እ.ኤ.አ. በ2019 18 ሚሊዮን ሰው ላይ ነበር፤ ከእነዚህ 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች። ደግሞም አይገድልም ያለው ማነው? ብግነቱ ልብንና የደም ሥርን ይጎዳል። ሕመምተኛው ሲሞት በልብ ሕመም ይመዘገባል፤ ሃያ ዓመት ያሰቃየው ቁርጥማት መዝገቡ ላይ ሳይጻፍ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ነገርናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አብራን ወደ መጣችው የ9 ዓመት ልጅ ዞረው «አንቺ ደግሞ እናትሽን ልታጅቢ መጣሽ?» አሏት። እናቷ ቀስ ብላ «እሷ ናት ያመማት» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። የሚያምመው አሮጊት ብቻ ይመስላቸው ነበር። ልጅቱ ጠዋት እግሯ በሙቅ ውሃ ካልተፍታታ ትምህርት ቤት አትደርስም፤ መምህሯ ግን የምታረፍደው በእንቅልፍ ይመስላታል።

ትልቁ ችግራችንም ይኸው ነው። ቀጠሯችን ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት እኛ ደህና ሰዎች እንመስላለን፤ ለብሰን፣ ተጫምተን፣ ሻይ ይዘን እንቀመጣለን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመጣ ሰው ግን ሌላ ሰው ያገኛል። ጣት አልታጠፍ ይላል፣ የበር እጀታ አልዞር ይላል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ተራራ ይሆናል። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ነው። የሚወስኑልን ሰዎች ያንን ሰዓት አይተውት አያውቁም።

አክስቴም እንዲህ ነበረች። ስለ እሷ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ልጅቱን ካየሁ ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ደብረ ብርሃን ነበር የምትኖረው፤ ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ፈትሏ የተመሰገነ ነበር፤ ሸማኔው ሳያገላብጥ ነበር የሚቀበላት። ገና በጎልማሳነቷ ጣቶቿ አበጡ። ምች ነው ተባለ፣ ብርድ ነው ተባለ። ወጌሻ ያበጠውን እጇን እያሸ አስጮኻት። ጠበል ሄደች፤ ጠበሉን አልነካም፣ ያጽናናት እሱ ነበር። ከዚያ አንድ ክሊኒክ ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ይወጋት ጀመር። ስትወጋ ለቀናት ትነሳለች፣ ተመልሳ ትወድቃለች፣ ደግሞ ትወጋለች። ፊቷ በመርፌው ሲነፋ ሰፈሩ «ተመቻት» አለ። አንዱ ጎረቤት በር ላይ አስቁሟት «ወፈርሽሳ!» ቢላት «ና አንተም ተወጋና ውፈር» ብላዋለች። እጇ ቢታጠፍም ምላሷ አልታጠፈም ነበር፣ ነፍሷን ይማርና።

አማቷ ግን «ሰነፈች» አለች። እንጀራ መጋገር ስላቃታት፣ ጀሪካን ማንሳት ስላቃታት፣ ጠዋት ከመደቡ ቶሎ መነሳት ስላቃታት። በዚያ ቤት ከሕመሙ ይልቅ ይህ ቃል ጎዳት። እናቴ ስትነግረኝ አሁንም ድምጿ ይቀየራል። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራች ሴት ሰነፍ ተብላ ሞተች! እኔ በዚህ አልታረቅም። ከማንም ጋር።

እሷን ሊያድን ይችል የነበረው መድኃኒት ያኔም በዓለም ላይ ነበር። ሜቶትሬክሴት ይባላል። በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ አሮጌ ክኒን ነው፤ ለእኛ ሕመም የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የዋጠው ሊሞት ይችላልና በላዩ ላይ በትልቁ ይጻፍ ብለን የምንጮኸው ለዚህ ነው። ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢጀመር በብዙዎች ላይ መገጣጠሚያው ሳይፈርስ ያስቆመዋል። እኔ ይህን በራሴ ጣት የምጽፈው በእሱ ነው። አክስቴ አልደረሰችበትም፣ እኔ ደረስኩ። በመካከላችን ያለው ልዩነት አንድ ጠርጣሪ ሐኪም ነው፤ በጊዜ ሪፈር የጻፈልኝ።

ስለዚህ የጠየቅነው ይህንኑ ነው። የጤና ጣቢያ ባለሙያ ያበጠ እጅ ሲያይ ማስታገሻ ሰጥቶ ከመሸኘት ይልቅ በጊዜ እንዲልክ ይሠልጥን። መድኃኒቱ ከመንግሥት ሆስፒታል አይጥፋ፤ የጤና መድን ደብተር የያዘች እናት «ከውጭ ግዢ» አትባል። በአገሩ ያሉት የሩማቶሎጂ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸውና ተጨማሪ ይሠልጥኑ። የጤናው ዕቅድ ደግሞ ሕመሙን በስሙ ይጥራው።

የማይቻል አይደለም። በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ከዚያ በፊት እነማን ፊታቸውን ሳይሸፍኑ እንደቆሙ አንረሳም፤ መቅድምና ተስፋ ጎህ የሕመምተኞቹ የራሳቸው ማኅበራት ነበሩ። አሜሪካ ያላችሁም እዚያው አጠገባችሁ ምሳሌ አለ። ፕሬዚዳንት ፎርድ እ.ኤ.አ. በጥር 1975 ብሔራዊ የአርትራይተስ ሕግን ፈረሙ፤ በሕጉ የተቋቋመው ኮሚሽን በ1976 ለኮንግረሱ ዕቅድ አቀረበ፤ በ1986 ደግሞ አርትራይተስን፣ የጡንቻና አጥንትን እንዲሁም የቆዳ ሕመሞችን የሚያጠና ብሔራዊ ተቋም ተመሠረተ። ሕጉ ሲጸድቅም ሕመሙ ያው «የማይገድለው» ሕመም ነበር።

እንደራሴው ስንወጣ «ቁጥር ይዛችሁ ኑ» አሉን። እሺ ብለናል። ግን ያልተመረመረ ሰው እንዴት ይቆጠራል? «ሰነፈች» ተብላ የቀረችውን ማን መዝግቧታል? ይህን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ሰዓታችን አለቀ።

የሚቀጥለውን ቀጠሮ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አድርጉልን ብለን ጠይቀናል። ጸሐፊያቸው አዝናልን «ከሰዓት አይሻላችሁም?» አለችን።

አይሻለንም።